ፊልሙ የማን ነው? ስለ ኃይሌ ገሪማ በእንጦጦ የቀረበ ዲስኩር



ዛሬ ወደዚህ ስመጣ ታክሲው ሽሮ ሜዳ ላይ አወረደኝ፤ የቀረውን በእግሬ ልሞክረው አልኩ። ሞኝነት ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ ሦስት ሺህ ሜትር ያለፈ ተራራ ለሽማግሌ ሳንባ አያዝንም። በየመታጠፊያው እየቆምኩ ትንፋሼን ስሰበስብ፣ ከባሕር ዛፎቹ መሐል አንድ ልጅ ካሜራ ተክሎ ሁለት ተዋንያን ሲያሯሩጥ አየሁ። ልጅቷ ሦስት ጊዜ ወደቀች፤ ሦስቱንም ጊዜ "ድገሚው" አላት። በአራተኛው ቀሚሷን አራግፋ ልትሰድበው ስትል እኔን አየችና ተወችው።

"ካሜራው ያንተ ነው?" አልኩት።

"ኪራይ ነው ጋሼ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት።"

"ፕሮዲዩሰርህስ ማነው?"

"ብር የሚያወጣው ሰውዬ ነዋ!"

"ፊልሙስ ሲያልቅ የማን ነው?"

ልጁ ወደ ካሜራው ተመለከተ፣ ወደ እኔ ተመለከተ፣ ከዚያ "እሱን እንኳን አልተነጋገርንም" አለኝ። እኔም መልሱን ይዤለት ሳይሆን ጥያቄውን ይዤ ወደ እናንተ መጣሁ።

በዚህ አካባቢ ያደጋችሁ ሁሉ የጉለሌን ሸማኔዎች ታውቃላችሁ። መወርወሪያው የሸማኔው ነው፣ እጁ የሱ ነው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሲደነዝዝ የሚውለው እግር የሱ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ክሩን በዱቤ የሚሰጠው ነጋዴው ነው። ክሩን የሰጠ ሰው ደግሞ ሸማው ከመጠቅለያው ሳይወርድ ባለቤት ሆኖ ይጠብቃል። ሸማኔው የድካሙን ይቀበላል፤ ጥበቡ በሱቅ መስኮት ላይ በስንት እንደተሸጠ ግን ሲያልፍ በዓይኑ ያያል እንጂ አይጠየቅም። የፊልም ሥራም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዛሬ የማወራላችሁ ሰው ሕይወታቸውን በሙሉ የነጋዴውን ክር አልቀበልም ብለው የኖሩ ሸማኔ ናቸው።

ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ። ስማቸውን የሰማችሁ ብዙ ናችሁ፤ ፊልማቸውን ያያችሁ እጅ አውጡ ብላችሁ ግን እንተዛዘባለን። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የኛ ሲሆን እናገራለሁ።

የተወለዱት በ1946 ጎንደር ነው፣ ከአሥር ልጆች አራተኛው። እናታቸው መምህርት ነበሩ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ "ጎንደሬ በጋሻው" የተባለውን የአርበኞች ታሪክ የጻፉት ናቸው፤ ቴአትር ይደርሳሉ፣ ራሳቸው ያዘጋጃሉ፣ ከቦታ ቦታ ይዘው ዞረው ያሳያሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆም። አንድ ልጅ አባቱ ተውኔት ጽፎ፣ ተዋንያን ሰብስቦ፣ መድረክ አቁሞ፣ ተመልካች ጠርቶ ሲያሳይ እያየ ሲያድግ፣ የጥበብ ሥራ ማለት መጻፍ ብቻ እንዳልሆነ፣ እስከ ሕዝቡ ደጃፍ ማድረስንም እንደሚጨምር በጨዋታ መልክ ይማረዋል። ኋላ አሜሪካ ውስጥ ኃይሌን ከሌሎች የለያቸው ይሄ ይመስለኛል። የፊልም ትምህርት ቤት አላስተማራቸውም። ጎንደር ነው ያስተማራቸው።

ሌላውም ትምህርት ጎንደር ውስጥ ነበር፤ መርዙ ግን በኋላ ነው የገባቸው። በልጅነታቸው ሲኒማ ገብተው ታርዛንን ሲያዩ፣ ጥቁሮቹ ከኋላው ሲመጡበት ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ይጮኹ እንደነበር እራሳቸው ደጋግመው ተናግረዋል። አስቡት፤ የአርበኛ ታሪክ በሚጻፍበት ቤት ያደገ ልጅ፣ በአዳራሽ ጨለማ ውስጥ የነጩን ወገን ይዞ ጥቁሩን "መጣብህ!" እያለ ያስመታል። አዲስ አበባ ውስጥ የድሮ ሰዎች የመጀመሪያውን ሲኒማ "ሰይጣን ቤት" ያሉት በብርሃኑ ደንግጠው ነው ይባላል። እኔ አንዳንዴ ከብርሃኑ ይልቅ ሌላ ነገር ሸትቷቸው እንደሆነስ እላለሁ።

በ1967 ወደ አሜሪካ ሄዱ። እዚህ ስትወጡ የምታልፉት የአሜሪካ ኤምባሲ ደጃፍ ላይ ፎልደር ታቅፎ የሚሰለፈውን ወጣት ሁሉ ሳይ ትዝ የሚለኝ እሳቸው ናቸው፤ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል እንጂ ምን ሆኖ እንደሚመለስ አያውቅም። ኃይሌ የሄዱት ተዋናይ ለመሆን ነበር። ቺካጎ፣ ጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ገቡ። ለጥቁር ተማሪ የሚደርሰው ገጸ ባሕርይ ግን በአብዛኛው ትሪ ተሸክሞ ገብቶ ትሪ ተሸክሞ የሚወጣ ነበር። ጥለው ወደ ካሊፎርኒያ ሄዱ፣ ዩሲኤልኤ ገቡ፣ ከመድረክ ወደ ካሜራ ተሻገሩ።

ያኔ ዩሲኤልኤ ውስጥ ቻርልስ በርኔት ነበር፣ ቤን ካልድዌል ነበር፣ ላሪ ክላርክ ነበር፣ ትንሽ ቆይታ ጁሊ ዳሽ መጣች። የፊልም ታሪክ ጸሐፊዎች እነዚህን ልጆች "የሎስ አንጀለስ ዓመፀኞች" ይሏቸዋል። ዓመፃቸው ባንዲራ የሚያውለበልብ አልነበረም። ሆሊውድ ከጎረቤታቸው ነው፤ በአውቶቡስ ይደረሳል፤ እነሱ ግን አንዱ የሌላውን ካሜራ እየያዘ፣ አንዱ ለሌላው እየቀረጸ፣ የሰፈራቸውን ሰው የሰፈራቸው ሰው በሚያውቀው ዓይን ያሳዩ ነበር። ኃይሌ "ቡሽ ማማ"ን ሲሠሩ በርኔት ከቀራጮቹ አንዱ ነበር። የዚያ ፊልም መጀመሪያ ላይ ፖሊሶች ጥቁር ወጣቶችን አስቁመው ሲፈትሹ ይታያል። ትወና አይደለም። የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ራሱን የፊልሙን ቡድን አስቁሞ ሲፈትሽ ካሜራው እየቀረጸ ነበር፤ ኃይሌ ያንን ቀረጻ የፊልማቸው በር አደረጉት። ሌላ ሰው ቢሆን ቀኑ ተበላሸ ብሎ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር።

አሁን ወደ አገራችን። የ1966 ዓ.ም ክረምት፣ በኛ አቆጣጠር። አብዮቱ ፈንድቷል፣ ሹማምንት አንድ በአንድ እየታሰሩ ነው፣ ንጉሡ ቤተ መንግሥት ውስጥ አሉ ግን የሉም። የሃያ ስምንት ዓመቱ ተማሪ ኃይሌ ገሪማ ከአሜሪካ የክፍል ጓደኞቻቸውን አስከትለው መጡና "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት"ን በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረጹ። በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊሜትር፣ በአማርኛ፣ አብዛኛው ተዋናይ ካሜራ ፊት ቆሞ የማያውቅ ሰው ሆኖ። አንድ ጭሰኛ ቤተሰብ፣ አንድ ባላባት፣ አንድ "እብድ" የሚባል ከበበ የተሰኘ ሰው። ከበበ መሬቱን የተነጠቀ ዘማች ነው፤ በየመንገዱ እውነት እየተናገረ ይዞራል፤ ስለዚህ እብድ ነው። በመጨረሻ ባላባቱን በዱላ የሚመታው እሱ ነው።

ወራት አላለፉም፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ንጉሡ ወረዱ። በዚያው ዓመት "መሬት ላራሹ" አዋጅ ሆነ። ይሄ ፊልም የአንድ ሥርዓት የመጨረሻ ትንፋሽ ሊወጣ ሲል የተነሳ ፎቶግራፍ ነው። ቢዘገዩ ኖሮ መልኩ ይለወጥ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ቀስ ይላል፤ በሬው ሲሄድ በሬው በሚሄድበት ፍጥነት ነው የሚሄደው። ወጣቶች ይከብዳችኋል። ይክበዳችሁ። ከብዙ ዓመታት በኋላ በማርቲን ስኮርሴዚ የተመሠረተው የዓለም ሲኒማ ፋውንዴሽን ሊጠበቁ ይገባቸዋል ካላቸው የዓለም ፊልሞች መሐል አስገብቶ አስጠግኖታል። የተቀረጸበት አገር ትውልድ ግን ብዙው አላየውም፤ ይሄን የምለው ለወቀሳ አይደለም፣ ወደ ዋናው ነገሬ ስለሚወስደኝ ነው።

ዋናው ነገሬ እንግዲህ ይሄ ነው። ስለ ኃይሌ የሚጻፈው ሁሉ ስለ ዳይሬክተሩ ነው። እኔ ግን ፕሮዲዩሰሩ ይበልጥብኛል። እኛ አገር ፕሮዲዩሰር ማለት ብር ያለው ሰው ነው፤ ስሙ ፖስተሩ ላይ ከሁሉም በላይ ይጻፋል፣ ቀረጻው ቦታ አንድ ቀን መጥቶ ፎቶ ይነሳል። ድሮ እንዲህ አልነበረም ማለቴ አይደለም። "ሂሩት አባቷ ማነው" በ1957 ዓ.ም ሲሠራ ዳይሬክተሩ ላምብሮስ ዮካሪስ የሚባል ግሪካዊ ነበር፤ ገንዘብና ልብ ያፈሰሱት ግን እላላ ኢብሳ ናቸው፤ ዛሬ ስማቸውን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? ፕሮዲዩሰር ወይ ይከበራል ወይ ይረሳል እንጂ ሥራው ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ሥራው ፊልሙ ከመጀመሪያው ሐሳብ ጀምሮ የመጨረሻው ተመልካች አዳራሽ ገብቶ እስኪቀመጥ ድረስ ባለቤቱ ሆኖ መቆየት ነው።

ኃይሌ ከ1975 ጀምሮ ዋሽንግተን ውስጥ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። ደመወዙ ኑሯቸውን ይሸፍናል፤ ፊልሙን ግን ከየትም ለምነው፣ ከየትም ተበድረው ነው። በ1982 ማይፌዱህ ፊልምስ የሚል የራሳቸውን ማከፋፈያ አቋቋሙ። የሚሠሩበት ድርጅት ደግሞ ነጎድጓድ ፕሮዳክሽን ይባላል። ስም አወጣጣቸውን እወድላቸዋለሁ፤ አሜሪካ መሐል ተቀምጦ ድርጅቱን "ነጎድጓድ" የሚል ሰው ጎረቤቶቹ እንዲተኙ አይፈልግም።

ፈተናው የመጣው በ"ሳንኮፋ" ነው። ሳንኮፋ የአካን ሕዝብ ቃል ነው፤ ተመልሶ ያለፈውን ማንሳት ማለት ነው። ፋሽን ለመነሳት ጋና ወደሚገኝ የባሪያ ንግድ ግንብ የሄደች ሞና የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ሞዴል፣ ወደ ኋላ ተመልሳ በእርሻ ላይ ባሪያ ሆና ራሷን ታገኛለች። ገንዘቡን ለማሰባሰብ ዓመታት ፈጀ፤ ከጋና፣ ከቡርኪና ፋሶ፣ ከጀርመን ተለቃቅሞ ነው ያለቀው። በ1993 በርሊን ፌስቲቫል ዋናው ውድድር ውስጥ ገባ። እንዲህ ያለ ፊልም አሜሪካ ሲመለስ አከፋፋይ ይሻማበታል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አንድም አልነካውም። ባሪያዎቹ የሚያምፁበት፣ ነጭ አዳኝ የሌለበት ፊልም ማን ያየዋል ተባለ።

እዚህ ላይ ባለቤታቸውን ሽሪኪያና አይናን ካላነሳሁ ታሪኩ ውሸት ይሆናል። እሳቸውም ፊልም ሠሪ ናቸው፤ የ"ሳንኮፋ"ም አብሮ ፕሮዲዩሰር ናቸው። ባልና ሚስቱ ምን አደረጉ? አዳራሽ ተከራዩ። ሲኒማ ቤቱን ለባለቤቱ ቁርጥ ኪራይ ከፍለው፣ ቲኬቱን ራሳቸው ሸጡ። ማስታወቂያው በቤተ ክርስቲያን፣ በጥቁሮች ሬዲዮ፣ በፀጉር ቤት፣ በተማሪ ማኅበር ነበር። ዋሽንግተን ውስጥ ሰልፉ መንገድ ዞረ፤ ፊልሙ ለሳምንታት አልወርድ አለ። ከዚያ ከከተማ ወደ ከተማ ይዘውት ዞሩ። ያኔ ፊልም በፍላሽ ኪስ ውስጥ አይገባም፤ የአንድ ሙሉ ፊልም የ35 ሚሊሜትር ቅጂ ከነቆርቆሮው ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ከእንጦጦ ጫፍ የምታዩአቸው እናቶች ጭራሮውን ለቅመው ተራራው ላይ ከምረውት አይሄዱም፤ ጎንበስ ብለው ተሸክመው እስከ ሽሮ ሜዳ ያወርዱታል። ባይወርድ እሳት አይሆንማ። የሲኒማ ሰዎቻችን ብዙዎቹ ጭራሮውን ለቅመው ተራራው ላይ የሚተዉ ናቸው፤ እኔንም ጨምሮ። በወጣትነቴ አንድ አጭር ፊልም ሠርቼ ኔጋቲቩን ላቦራቶሪ ውስጥ ትቼው ወጣሁ፣ ሂሳቡን ስላልከፈልኩ። ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም።

ከ"ሳንኮፋ" ገቢ ምን መጣ? በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ "ሳንኮፋ" የሚባል የመጻሕፍትና የቪዲዮ ቤት ተከፈተ። ፊልም ይሸጥበታል፣ መጽሐፍ ይሸጥበታል፣ ጸሐፊ ይጋበዝበታል፣ ቡና ይጠጣበታል፤ ሳንድዊቾቹ እንኳ በጥቁር ፊልም ሠሪዎች ስም ነው የሚጠሩት። ኃይሌ እዚያ ቤት የሠሩት ነገር ከማንኛቸውም ፊልማቸው አያንስም ብዬ አምናለሁ። በምን? ከፊልሙ ያገኙትን ብር የሌሎች ሰዎች ሥራ የሚቀመጥበት ቤት አደረጉበት። የከተማው ንብረት ግብር ሲከብድባቸውም ደንበኛው ተሰልፎ ምክር ቤት ድረስ ሄዶ ተሟገተላቸው። ለአንድ ፊልም ሠሪ ሰው እንዲህ የሚወጣው ፊልሙን ስለወደደ ብቻ አይመስለኝም፤ ቤቱ የራሱ ስለመሰለው ነው።

ተማሪዎቻቸውን ሳልጠቅስ አላልፍም። "አራይቫል" በተባለው ፊልም ለኦስካር የታጨው ሲኒማቶግራፈር ብራድፎርድ ያንግ በሃዋርድ የኃይሌ ተማሪ ነበር። የጥበብ ሙዚየሞች ዛሬ የሚሻሙበት አርተር ጃፋም እዚያው ተምሯል።

"ጤዛ" የተባለው ፊልማቸው ደግሞ የኛው ነው። ጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ የተመለሰው አንበርብር፣ የአብዮቱ ዘመን፣ ጣና ዳር ያለች መንደር፣ ጣልያን በተራራው ላይ የተወው ሐውልት። ለመጨረስ አሥራ አራት ዓመት ፈጀ። በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን አገኘ፤ በ2009 ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮ ፌስቲቫልን ትልቁን ሽልማት፣ የየነንጋን የወርቅ ፈረስ ወሰደ። ሙዚቃው ላይ የኛው ጆርጋ መስፍን አለበት። አዲስ አበባም ታይቷል፤ ከአዳራሹ ስንወጣ ማንም ማንንም አያናግርም ነበር። አጠገቤ የነበሩ አንድ አዛውንት ታክሲ ውስጥ ከገባን በኋላ ብቻ "እኔም እንዲህ ነበር የተመለስኩት" አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ነገር ግን ሒሳቡን በትክክል እናስላ። ከ"ሳንኮፋ" እስከ "ጤዛ" አሥራ አምስት ዓመት ነው። በዚያ መሐል "አድዋ"ን የመሳሰሉ ዘጋቢ ፊልሞች አሉ፤ ሙሉ የትረካ ፊልም ግን የለም። የነጋዴውን ክር አልቀበልም ያለ ሸማኔ ክሩን ራሱ ፈትሎ ነው የሚጀምረው፤ ስለዚህ ትንሽ ሸማ ነው የሚያወጣው። ስንት ፊልም ሳይሠራ ቀረ? ይሄን ጥያቄ በነጻነት ዘፈን መሸፈን አልወድም። ደግሞም አንዳንድ ጊዜ ኃይሌ ፊልሙ መናገር ያለበትን ገጸ ባሕርያቱ በቃል እንዲናገሩት ያደርጋሉ፤ መምህርነታቸው ዳይሬክተሩን ያሸንፈዋል። ከጎናቸው ቆሞ "ይሄን ቁረጠው" የሚል ሌላ ፕሮዲዩሰር ቢኖር ኖሮ እላለሁ። ባለቤትነት ብቸኝነትም ነው።

"አድዋ"ን ካነሳሁ አይቀር፤ የ1999 ፊልም ነው። ሥዕሎችን፣ የሽማግሌዎችን ትዝታ፣ ቀረርቶና ፉከራን አሳክቶ ነው የሚተርከው። እዚህ ተቀምጠን ይሄን ማውራት ደስ ይላል፤ ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም ዘውድ የጫኑት እዚህ እንጦጦ ማርያም ነው፤ ከተማውም ወደ ፍልውሃ ከመውረዱ በፊት እዚህ ነበር። ዕድሜ ልኬን ያ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለምና ሲጎበኝ አይቻለሁ። በዚህ ተራራ ላይ የሠርግ ቪዲዮ ስንት ሺህ ጊዜ እንደተቀረጸ ደግሞ እናንተ ታውቃላችሁ። ሙሽሮቹ እየሳቁ ባሕር ዛፍ ሲዞሩ ከኋላቸው የንጉሠ ነገሥት ዘውድ የተጫነበት ደጅ ይታያል፤ ካሜራው አያየውም።

ወደ ቅርብ ጊዜ ልምጣ። ከኃይሌ በኋላ የመጡት ሌላ መንገድ ሞከሩ። ምሕረት ማንደፍሮ አዲስ አበባ ተወልዳ አሜሪካ ያደገች ሐኪም ናት፤ ከሕክምናው ወደ ፊልም ገብታ ፕሮዲዩሰር ሆነች። ዘረሠናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀውን "ድፍረት"ን ፕሮዲዩስ ካደረጉት አንዷ ናት። ፊልሙ በ2014 ሰንዳንስ ላይም በርሊን ላይም የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ፤ አንጀሊና ጆሊ ስሟን በኤግዚኪውቲቭ ፕሮዲዩሰርነት ሰጠችው፤ ዓለም አወቀው። አዲስ አበባ ላይ በተመረቀበት ምሽት ግን ብሔራዊ ቴአትር ሰው ሞልቶ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆመ። ክርክሩ ታሪኩ የማን ነው የሚል ነበር። ኋላ ፊልሙ ታየ፤ ጥያቄው ግን አብሮት ታየ። ምሕረት ቆይታም ካና ቴሌቪዥን በ2016 ሲጀምር ከኤግዚኪውቲቭ ፕሮዲዩሰሮቹ አንዷ ሆነች። የቱርክ ድራማ በአማርኛ ሲናገር ሰፈሩ ሁሉ ሳይመሽ እራቱን ጨረሰ፤ የድራማ ገበያ እዚህ መኖሩን ለብዙ ባለ ገንዘብ ያሳየው ይሄ ነው። ለአገር ፊልም ሠሪ መልካም ነው ወይስ ክፉ? ባሕር ዛፍ ሥር ሣር አይበቅልም ይላሉ፤ ግን አዲስ አበባ ያለ ባሕር ዛፍ ማገዶ የት ታገኝ ነበር? እዚህ ላይ አቋም የለኝም። ልጆቼ በካና ነው አማርኛቸው የተበላሸው፤ ልጆቼ በካና ነው ከእኔ ጋር ሶፋ ላይ የተቀመጡት።

በ2021 ሁለት ነገሮች በአንድ ወር ሆኑ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የአካዳሚው ሙዚየም ሲከፈት፣ ኦስካር የሚሰጠው ቤት ሙዚየም ማለት ነው፣ ለኃይሌ ገሪማ ቫንቴጅ የተባለውን ሽልማት ሰጣቸው። አብሯቸው የተሸለመችው ሶፊያ ሎረን ነበረች። አቫ ዱቨርኔይ ባቋቋመችው አሬይ በሚባለው አከፋፋይ በኩል ደግሞ ታድሶ "ሳንኮፋ" ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ፤ ማንም ሳይነካው ከቀረ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ። ወጣቶች፣ ይሄን ስትሰሙ "በመጨረሻ አሸነፉ" ብላችሁ ታስባላችሁ። እኔ ሌላ ነገር ነው ያየሁት። ኔትፍሊክስ ሲመጣ የሚሸጥ ነገር በእጃቸው ነበር። ፊልሙን ያኔ ለአንዱ ስቱዲዮ በቁርጥ ሸጠውት ቢሆን፣ በ2021 ውሉን የሚፈርመው ሌላ ሰው ነበር።

አሁን ያን ልጅ ልመልሰው። ከነበርንበት ስነሳ ተከተለኝና "ጋሼ፣ ታዲያ ውሉ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?" አለኝ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ያወቅሁትን ነገርኩት። ብር የሚያወጣው ሰውዬ ብሩንና ትርፉን ይውሰድ፣ ስንት በመቶ እንደሆነ ይጻፍ፤ ዋናው ቅጂ የት እንደሚቀመጥና ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ ይጻፍ፤ ዩቲዩብ ላይ ማን እንደሚጭነው፣ በማን ቻናል እንደሆነ ይጻፍ፤ ስንት ዓመት ካለፈ በኋላ ፊልሙ ወደሱ እንደሚመለስ ይጻፍ። "ይሄን ሁሉ ብጠይቀው ይተወኛል" አለኝ። ይተውህ ይሆናል አልኩት። ከዚያ ካሜራውን አየ፤ ሰዓቱን አየ፤ አሥር ሰዓት ተኩል ነበር፤ ሮጦ ተመለሰ። ልጅቷ አሁንም እየወደቀች ነው መሰለኝ።

እንግዲህ መብራቱ ይጥፋ። ቀጥሎ የሚታየው "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት" ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል እንደሚፈጅ ነግሬያችኋለሁ፤ መታገስ ያልቻለ በጓሮ በር ይውጣ፣ በሩ ይጮኻል፣ ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱት። ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን ታክሲ ረዳት አነጋግሬዋለሁ፤ ይጠብቃችኋል።